ሽመክትን ያባረርኩበት ጥር

ጥር 17 ቀን 1998፣ ሞላሌ
የበግ ጸጉር ተገዛ፣ ጥቁሩም ነጩም። ፈታዮቹ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሲያፍታቱት ዋሉ። ደብረ ብርሃን ያለ ሆቴል ለእንግዶቹ አልጋ ሠላሳ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ አዝዟል... ሠላሳ! ይህን የሽመና ቤት ከከፈትኩ አራት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይቼ አላውቅም። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።
ሽመክት ግን ዛሬም አልመጣም። ሦስተኛ ቀኑ። ትልቁ መሸመኛ ጦሙን ዋለ። ከሱ ሌላ ማን ይችለዋል? ወንድሜን ወዳጆን ጠየቅኩት፣ ተቆጣጣሪው እሱ አይደል? «ጠግቦ ነው» አለኝ።

ጥር 18
ሽመክት መጣ። አፉን ሳይከፍት ጮህኩበት፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ።
«እትዬ ጥሩሸዋ፣ አንዴ ያድምጡኝ...»
«ውጣ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»
ቀና ብሎ አየኝና ወጣ። ለምን አላስጨረስኩትም?

ጥር 22
ከወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መጥሪያ ደረሰኝ። ሽመክት ከሶኛል! ወዳጆ ሳቀ። «ቤቱ ያንቺ፣ ሠራተኛው ያንቺ፣ ማን ምን አገባው?» እውነት... ማን ምን አገባው?

ጥር 23
ቢሮው ሄድኩ። ባለሙያው አቶ መርስዔ ኃዘን፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ወንበር ሳቡልኝ።
«ስንት ቀን ቀረ?»
«ሦስት።»
«ለምን እንደቀረ ጠየቁት?»
«አልጠየቅኩም።»
«ስንብቱን በጽሑፍ ሰጡት?»
«ጮኼ ነው ያስወጣሁት።»
«የቅጥር ውልስ?»
ውል? እኔ ቤት ሁሉም የተቀጠረው በአፍ!
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ገልጠው አሳዩኝ። ያለ በቂ ምክንያት አምስት የሥራ ቀን በተከታታይ የቀረ ነው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበተው፤ እሱም ምክንያቱ ተጽፎ ተሰጥቶት። «ፍርድ ቤት ከሄደ ይረታዎታል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ግን ገና አልሄደም። ሰውየውን ያናግሩት።»
አዋጁን አዋሱኝ። መንገድ ላይ እያነበብኩ ድንጋይ አደናቀፈኝ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ኖሯል! የአሠሪም መብት አለበት እኮ። ከጩኸት ሌላ የምይዘው ነገር አለኝ ማለት ነው... ሁለቴ አነበብኩት።

ጥር 24
ሽመክት ቤት ሄድኩ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። ሚስቱ መቅደላዊት አራስ ናት። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመው መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት አድርሰዋታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።
«መልእክት ልኬልዎት ነበር እኮ» አለኝ።
«በማን?»
«በወዳጆ። መንገድ ላይ አግኝቼው ነገርኩት።»
ወዳጆ! የገዛ ወንድሜ!
«ይቅር በለኝ» አልኩት።
መሬት መሬት አየ። «እኔስ ክስ ወድጄ ነው? ሰው ፊት ሲጮኹብኝ ነው የከፋኝ።»
ክሱን ሊተወው ነው። ሰኞ ይመለሳል! ቁልቁለቱን እንደ ልጅ እየሮጥኩ ወረድኩት።

ጥር 26
ቀኑን ሙሉ ውል ስንጽፍ ዋልን። ሥራው፣ ሰዓቱ፣ ደመወዙ፣ ዕረፍቱ... የቸገረው ሰው ለማን ተናግሮ እንደሚቀር ጭምር። መልእክት ለኔው በቀጥታ ይሁን አልኩ።
ወለተኪዳን፣ ትልቋ ፈታያችን፣ ወረቀቱን ተቀብላ «ስሜ የቱ ነው?» አለች። አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትፈትል ኖራ ስሟ በውል ላይ ሲሰፍር ገና ዛሬ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስታሳርፍ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አላስቻለኝ፣ አብሬ እልል!

ጥር 29
ሽመክት ገባ። ትልቁ መሸመኛ ሲንኳኳ ስሰማ ልቤ ዘለለች።
ወዳጆን ለብቻው ጠራሁት። አልጮህኩም። መጀመሪያ ጠየቅኩት፣ መልእክቱን ለምን ደበቅከኝ? አንገራገረ፣ በኋላ አመነ። ለካ የራሱን ሚስት ወንድም በሽመክት ቦታ ሊያስገባ ኖሯል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።
«እህቴ ነሽ ወይስ ዳኛ?»
«እዚህ ግቢ ውስጥ አሠሪህ ነኝ። ከበሩ ስንወጣ እህትህ።»
ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ... ፈረመ። እስክሪብቶውን ወርውሮልኝ ወጣ። ቢቀየመኝስ?
ሥራ ስንጨርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቤት ልፈትለው የያዝኩትን የጸጉር ጆንያ ከትከሻዬ ተቀብሎኝ ወደ ቤት መንገድ ቀደመ።