የተተረተረ ካፖርት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእማዬ የመጨረሻ ልጅ፣ ለዳቦ ቤቱ ሾፌር፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ከመሪው ጋር ተጣብቆ ከመዋል ብዛት ደነዘዘ ያልከው ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጅህስ፣ ያቺ በፎቶግራፍ ብቻ የማውቃት፣ የወለቀው ጥርሷ ተተካላት? የቤታችሁ ጣሪያ ማንጠባጠቡን አቆመ? ሁላችሁም በጤና እንድትከርሙ ከልቤ እመኛለሁ። ከልቤ ነው የምልህ፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ስለምትጠራጠር አስቀድሜ መናገሬ ነው።

እኛ አለን። እኔ ከትከሻዬ ሕመም በቀር ምንም አልሆንኩም። አክስታችን እንደ ልማዷ ታማ ትተኛለች፤ ስትነሳ ደግሞ ሰው ታማለች። ሽማግሌው ልብስ ተኳሻችን፣ ከመናገር ይልቅ መተንፈስ ስለሚቀናቸው በልጅነታችን “እንፋሎት” ያልናቸው፣ ዛሬም ካውያቸውን አልለቀቁም። የእማዬ ዓይን ግን ደክሟል። ሰውን በድምፁ፣ ዕቃን በጣቷ ነው የምትለየው።

ደብዳቤህና ካፖርቱ በአንድ ቀን ደረሱን። ካፖርቱን የዚያኑ ዕለት ለበሰችው፤ ሦስት ሳምንት ከላይዋ አልወረደም። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷ ስፌትህን ተከትሎ ሲሄድ ይውላል። እዚህ ጋ ደክሞት ነበር ትላለች። እዚህ ጋ ልጅቷ አስቸግራው ይሆናል ትላለች። ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ካፖርቱን ግን ራሷ ነበረች የምታነበው።

ደብዳቤህን ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እንደጻፍክልኝ ስፌት ከጀመርክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ከሥራ ስትመለስ ትቀመጥበታለህ፣ ድካምህን ያወጣልሃል። ጓደኞችህ የሰፋኸውን አይተው እጅህን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም፤ የጎረቤትህ ሚስትማ ይህን የመሰለ እጅ የዳቦ መኪና ላይ ባከነ ብላለች። ስለዚህ ሾፌርነቱን ትተህ ስፌት ቤት ልትከፍት ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል አግኝተሃል፣ አከራዩም እስከ ኅዳር መጨረሻ ይጠብቅሃል። የእማዬን ካፖርት አይቼ እንደ እህት ሳይሆን እንደ ባለሙያ እንድፈርድ ጠየቅከኝ። አትማሪኝ አልክ። እሺ፣ አልማርኩህም።

እኛ ቤት ልብስ እንዴት እንደሚፈረድ ታውቃለህ፤ ማወቅም ነበረብህ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልብስን በደረቱ አይቶ አያውቅም ነበር። ገልብጦ ገበሩን ያያል፤ ገበሩ ደስ ካላለው ምላጩን አንስቶ ይተረትረዋል። ልብስ በፊቱ ይዋሻል፣ በሆዱ አይዋሽም ይል ነበር። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ከጎኑ ሲያስቀምጠኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የሰፋሁት አንድም ነገር ከደጃፉ አልወጣም። ከሰዓት የሰፋሁትን ጠዋት ተርትሮ ይጠብቀኛል። ደንበኛ ተቀምጦ እያየ ነበር የሚተረትረው። አንዴ አለቀስኩና እንባዬ ነጭ ጨርቅ ላይ ወደቀ። ጨርቁን ከሥሬ ሳበው፤ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።

አንተ ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ነበርክ። ቁርጥራጭ እየለቀምክ ለኳስህ ካባ ትሰፋለህ። አባባ ያንን ጠማማ ካባ ለመጣው ሰው ሁሉ እያሳየ ይስቅ ነበር። ያንተን አንድም ቀን አልተረተረውም። ለአንተ ስፌት ጨዋታ ነበር፣ ለእኔ መተዳደሪያ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የአባት እጅ ግን ከዚያ ይብሳል።

ስለዚህ እሁድ ከምሳ በኋላ እማዬ ልትታጠብ ስትገባ ካፖርቱን ከመስቀያው አወረድኩት። አክስታችን አየችኝና ተይው፣ ጥፋቱ ምንድን ነው አለችኝ። እሱን ላውቅ ነው አልኳት። ምላጬን አነሳሁ።

እነሆ ፍርዴ። ግራው እጅጌ ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል። ኮሌታው በቀኝ በኩል ጆሮውን አቁሟል፣ የጎረቤት ወሬ የሚያዳምጥ ይመስላል። ገበሩን ውኃ ሳታስነካ ነው የቆረጥከው፤ አንድ ዝናብ ቢያገኘው ተኮማትሮ ካፖርቱን ወደ ላይ ይጎትተዋል። የቀኙ ኪስ ከግራው ዝቅ ይላል። ብብቱ ሥር ጨርቅ አጥሮህ ቁራጭ ቀጥለሃል፣ ቁራጩን ደግሞ ገልብጠህ ነው የቀጠልከው። የእጅ ስፌትህ አንዴ እንደ ጉንዳን ይጠጋጋል፣ አንዴ በመሃሉ ጣት ያስገባል። የጀርባው ረጅም ስፌት ወገብ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መኪናውን እንዲህ ብትነዳው ኖሮ ዳቦው ሁሉ ገደል በገባ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። አንተ ሁለት ዓመት ተዝናንተህ የታጠቅከው አንድ ከሰዓት አልፈጀብኝም።

የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ቆንጆ ናቸው። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነውና ይህንንም አልደብቅህም። አምስቱም ቆንጆ ናቸው፣ እኔም እንደዚያ አልሠራቸውም። ግን አንዷ ቀዳዳ ላይ ስንት ቀን እንደተቀመጥክ ያስታውቃል። ስፌት ቤት ውስጥ ለአንድ ቀዳዳ ያን ያህል ቀን የለም። ሙሽራው በር ላይ ቆሟል። ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ቀሚስ ለከሰዓት ትፈልጋለች፣ አንተ ደግሞ ትኩሳት ይዞሃል፤ ቢሆንም ትሰፋለህ። አልወፈርኩም፣ አንተ ነህ ያጠበብከው ብሎ የሚሰድብህ ሰውዬ አለ፣ ሜትሩ ሆዱ ላይ ሲዞር ትንፋሹን የሚውጥ። እሱንም በፈገግታ ትለካዋለህ። የሰው ሙያ የሚታየው ሥራውን በወደደ ቀን ሳይሆን በጠላው ቀን ነው። አንተ ስፌትን ጠልተኸው አታውቅም፣ ስለዚህ አታውቀውም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ጠልቼዋለሁ፤ አንድም ደንበኛ ከሰፋሁት ልብስ ላይ አንብቦ አላወቀብኝም።

ደግሞ አልዋሽህም፣ ስተረትረው ደስ ብሎኛል። ለፍርዱ አንዱን እጅጌ መፍታት ይበቃ ነበር፤ እኔ ኪሱን ሳይቀር ፈታሁት። የኮሌታውን ክር ስበጥስ አባባ ቆሞ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ። በሱ ፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያንተ ተተርትሮ የእኔ ሳይተረተር እንዲያይ ፈለግኩ። ጠረጴዛው ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ሆኖ ሲዘረጋ ቆሜ አየሁትና ሻይ ጠጣሁ።

ለእማዬ ካፖርቱን ላጥበው ወስጄዋለሁ አልኳትና በሁለት ቀን መልሼ ገጠምኩት። አጭሩን እጅጌ ከውስጥ ከታጠፈው ለቀቅኩለት፣ ገበሩን አጥቤ ተኩሼ አስተካከልኩት፣ የብብቱን ቁራጭ አውጥቼ ከእኔ ጨርቅ ደህና አድርጌ ቀየርኩት። ቀዳዳዎችህን አልነካኋቸውም። የዚህ ዓመት ምርጥ ሥራዬ እሱ ነው። እንፋሎት ተኩሰው ሰቀሉትና ለአንድ አፍታ መተንፈስ አቆሙ።

ረቡዕ ጠዋት አለበስኳት። ቀኝ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ግራ እጅጌዋ ሄደ፤ ጫፉን ፈለገ። ወደ ብብቷ ወጣ፣ ቁራጩን ፈለገ። ወደ ወገቧ ዞረ። ብዙ ፈለገች። ከዚያ አወለቀችውና በሥርዓት አጥፋ ሰጠችኝ። የደንበኛ ልብስ ነው ያለበስሽኝ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ስቀይው አለችኝ። ያንቺው ነው ብዬ ማልኩላት። ዓይኔ እንጂ ጣቴ አልታወረም አለች።

እውነቱን ነገርኳት። ምን ላድርግ፣ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ሰምታ ስትጨርስ ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠችና፣ እሱ ለእኔ ሰፋው፤ አንቺ ይህንን ለማን ነው የሰፋሽው አለችኝ። ወንድሜ፣ ሃያ ስምንት ዓመት እማዬ የለበሰችው ሁሉ የእኔ እጅ ነው። ቀሚሷም፣ የአባባን ሐዘን የተቀመጠችበት ጥቁሩም። ጣቷን አንዱም ላይ ስታሳርፍ አይቼ አላውቅም። ምኑ ይዳሰሳል? ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ያን ቀን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ሙሽራ ነበረብኝ። መቀሱን ግን ሁለት ጊዜ ጣልኩት።

በማግስቱ እንደገና ተረተርኩት። ጥፋትህን አንድ በአንድ አውቀዋለሁና እንደነበረ አድርጌ ልመልሰው ብዬ ተቀመጥኩ። የብብቱን ቁራጭ ከቅዳጁ መሃል ፈልጌ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። እጄ አልታዘዝ አለ። ክሩን ሳላላው ራሱ ይጠብቃል፤ መስመሩን ወደ ግራ ስወስደው ከእኩሌታው ጀምሮ ይመለሳል። በሦስተኛው እንደምንም አጣመምኩትና ለእንፋሎት አሳየኋቸው። ልጄ፣ ይህማ በልክ የተጣመመ ነው አሉኝ። እሳቸው በዓመት አንዴ ነው የሚናገሩት፤ የዘንድሮውን እኔ ላይ ጨረሱት። ለእማዬ ሳላሳያት መልሼ አቃናሁት።

እንግዲህ ስማኝ። ክፍሉን አትከራይ። ስፌት ቤት ብትከፍት መጀመሪያ ትራባለህ። ካልተራብክ ደግሞ የባሰ ነው፤ እጅህ ይቃናል። እጅህ ከተቃና እንደ እኔ ትሰፋለህ፣ እንደ እኔ የሚሰፋ ደግሞ ለዚህ ቤት አንድ በቂ ነው። ዳቦህን ንዳ።

ብርዱ ገብቷል። እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የምትውለው፤ ከስፌት ቤቱ አውጥቼ ሌላ ካፖርት ባለብሳት እምቢ አለች። ስለዚህ ሌላ ስፋላት። ልኳ ያው ነው፣ ትንሽ ከስታለች እንጂ። ግራው እጅጌ ይጠር፣ ኪሱም ይውረድ፣ ብብቱ ላይ ቁራጭ ቀጥልበት፣ ክሩንም ሲደክምህ አላላው። እኔ ከላይ የዘረዘርኩልህን ጥፋት አንዱንም እንዳታርም። አውቀህ ግን እንዳታጣምመው፤ አውቆ የተጣመመውን በጣቷ ትለየዋለች። እንዴት አድርገህ እንደምትሠራው እንጃ። ይህን ደብዳቤ ባልጽፍልህ ኖሮ ትችል ነበር። ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የጎረቤታችሁን ሚስት አታስገቢያት በላት። ለልጅህ ከቀይ ጨርቅ የሰፋሁላትን ቀሚስ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ትልበሰው። አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ በዚህ ነገር እኔን አኩርፋ ሁለት ሳምንት ሳታማኝ አልቀረችም። እንፋሎት በራሳቸው ነቅንቀው ሰላም ብለውሃል።

እማዬም ሰላም ትልሃለች፣ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች። ካፖርቱ ከደንበኞች ልብስ ጋር ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሁሌ ጠዋት ስታልፍ እጅጌውን በሁለት ጣት ትይዝና ባለቤቱ መጣ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። እያወቀች ነው የምትጠይቀኝ። ጭካኔ የወረስኩት ከአባባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ገና ነው፣ አልመጣም እላታለሁ።

ታላቅ እህትህ
ከስፌት ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን