በምርቃት ስለተሸጠልን ትሬለር

ለተከበሩ አቶ ዘውገ በላቸው
የምሥራቅ ቬጋስ ወገን ለወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
በር ጠባቂና ፏፏቴ ባለው ሰፈራቸው
ላስ ቬጋስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ደረትዎ ከሳል፣ ዓይንዎ ከማሳከክ፣ እግርዎም ወለል ሰብሮ ከመስመጥ የተጠበቀ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ። እኛም ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ ማለትም እርስዎ በሸጡልን ቤት ውስጥ ሰው ደህና ሊሆን የሚችለውን ያህል ደህና ነን።

እኔ ዘይነባ እባላለሁ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልሰው የሹፌሩ የተማም ልጅ ነኝ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቀመጠውና ስሟ ሲጠራ አንገቷን የምትደፋው ልጅ እኔ ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ያሰብኩት ሁሉ ስለሚጠፋብኝ በጽሑፍ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ወረቀት መሐል ላይ አያቋርጥም። ደብዳቤውን በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማወጣው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ «በማኅበራችን የሚደበቅ ነገር የለም» ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ብቻ ነው።

እንደሚያስታውሱት አምና የአፓርትመንታችን ኪራይ የአባቴን ደመወዝ ጥሎት መሄድ ሲጀምር፣ ቤተሰባችን ሰንራይዝ ማነር አካባቢ ባለ የትሬለር መንደር ውስጥ ቦታ ተከራይቶ፣ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም በውስጡ የሆነ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝቶ ሊኖር ወሰነ። ለእኛ የመጀመሪያችን ነበር። ስለ ትሬለር አንዳች ነገር አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው እርስዎን ነበር። አባቴ እዚህ ከተማ እንግዳ በነበረበት ጊዜ ሥራ ያስገቡት እርስዎ ስለሆኑ፣ «እኔ ዘንድ አለልህ» ሲሉት ሌላ ቦታ ሄዶ መጠየቅ ክህደት መስሎ ታየው።

ሽማግሌ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ነው ብለው ወላጆቼ ስላሳደጉኝ ከዚህ በታች የማቀርበው ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርቃትዎ አመሰግናለሁ። ትሬለሩ ከቆመበት ስንደርስ በሩ እንኳ ሳይከፈት እጅዎን ዘረጉና «ቤቱን የሳቅ ቤት ያድርግላችሁ፣ ግቡና ክበሩበት፣ ውጡና አትርፉ» እያሉ ረጅም ምርቃት መረቁን፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ የመረቀውን ቤት ግድግዳውን እያንኳኳ፣ ፍራሹን እየገለበጠ፣ ጣራው ላይ እየወጣ የሚፈትሽ ሰው በእኛ ዘንድ ባለጌ ነው። አባቴ ከሥራ ጓደኛው ተውሶ ያመጣውን ባትሪ ከኪሱ ሳያወጣው ተመለሰ። ሌላው ሻጭ ቀለም ብቻ ይቀባል፤ እርስዎ ግን ከቀለሙ በላይ ምርቃት ደረቡበት። ወደ ውስጥ ስንገባ እኔ የመኝታውን ግድግዳ በጣቴ ነካ ባደርገው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። የአባቴን እጅጌ ስጎትት አዩኝና «ተማም፣ ልጅ ማለት እንዲህች ናት፤ ዓይነ አፋር፣ አፏ የማይሰማ» ብለው አመሰገኑኝ። ስለ ሙገሳውም አመሰግናለሁ፤ እንደዚያ ተሞግሶ አፉን የሚከፍት ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ አየር ጠባይ ስላስተማሩን። እናቴ የጣራውን አዲስ ነጭ ቀለም ከውስጥ ቀና ብላ አይታ ያፈስ እንደሆነ በትሕትና ብትጠይቅዎት «እህቴ፣ ቬጋስ ምን ዝናብ አለና? እዚህ አገር እንኳን እንጨት ሰውም አይበሰብስም፤ ይደርቃል እንጂ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ትሬለሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲያትል ውስጥ ዝናብ ሲወርድበት እንደኖረና እዚህ የመጣው በስብሶ ካበቃ በኋላ እንደሆነ የሰማነው፣ ከገዛን በኋላ ከልጅዎ ነው። የበጋው ነጎድጓድ በመጣ ዕለት ያ ነጭ ቀለም እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጠረ፣ አበጠ፣ ከዚያም በእናቴ መስገጃ ላይ ፈነዳ። የወረደው ውኃ መልኩ ሻይ፣ ሽታው የታመመ ውሻ ነበር። ከቀለሙ በስተጀርባ ጥቁር ሻጋታ እንደ ፀጉር በቅሎ ተገኘ። እናቴ በበረኪና ትፍቀዋለች፤ እሱ ደግሞ ትንሽ አርፎ ይበቅላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣው። ሙቀቱ ሲብስ ኤሲውን ብንከፍተው ከቀዝቃዛ አየር በፊት የአይጥ ፀጉር፣ የአይጥ ኩስና የደረቀ ነገር ፊታችን ላይ ነፋብን። ያ የደረቀው ነገር ጅራት ያለው መሆኑን ያወቅሁት ከእራታችን ላይ ሳነሣው ነው። እናቴ ደውላ ብትነግርዎት «ንጹሕ ቤት ውስጥ አይጥ አይገባም» አሏት። እናቴ በሆቴል ውስጥ የሌላ ሰው መኝታ ስታጸዳ ትውላለች፤ ተቆጣጣሪዋ ነጭ ጓንት አድርጋ አቧራ ፈልጋ ታጣለች። ያን ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉን ስታጥብ ያየኋት እኔ ነኝ። ይህንን እንኳ በምስጋና መልክ ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም።

አራተኛ፣ ስለ ስጦታው። በትሬለር ውስጥ የመጸዳጃው ቆሻሻ ከወለሉ ሥር ባለ ታንክ ውስጥ ይጠራቀምና በቧንቧ ይለቀቃል። የእኛ ታንክ መክፈቻው ዝጎ ተጣብቆ ነበር። አባቴ ሲታገለው ቆይቶ በመጨረሻ የተከፈተው እጁ ላይ ነው። የማናውቃቸው የሲያትል ሰዎች፣ ምን እንደበሉ እንኳ የማናውቅ ሰዎች፣ ለእኛ አኑረውልን ሄደው ኖሯል። አባቴ ጎረቤት እንዳያየው ከትሬለሩ ጀርባ ቆሞ በላስቲክ ቱቦ ሲታጠብ «ለአቶ ዘውገ እንዳትነግሩ፣ ያዝናሉ» አለን። ይኸው ነገርኩዎት፤ አዝነው ከሆነ ያሳውቁን።

የመታጠቢያውን ወለል ነገር ቁጥር ሳልሰጠው ልለፈው፤ አጭር ነው። ትንሹ ወንድሜ ሚቅዳድ እየታጠበ ሳለ ወለሉ እንደ ራሰ ዳቦ ተቀደደና እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። እርስዎም ሲሰሙ «ልጁ ወፍሯል መሰለኝ» አሉ። የሚቅዳድን ክሳት የሚያውቅ ሁሉ ይህንን ሲያነብ ይስቃል፤ እኛም ስቀናል፤ ሲስቅ ግን ከሻጋታው ወዲህ የያዘው ሳል ስለሚነሣበት አሁን አናስቀውም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያለፈ ነገር ነውና ዋጥ አድርጌው እቀመጥ ነበር። ያላስቀመጠኝ ሌላ ነው። በመጪው እሑድ ከስብሰባ በኋላ ሁለተኛውን ትሬለር፣ የእኛውን መንትያ፣ ለወይዘሮ ታየች ሊሸጡላቸው ነው። ወይዘሮ ታየች በካዚኖ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠቡ ሁለት ሕፃናት ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ለዚሁ ብለው ኦቨርታይም የሚሠሩ እናት ናቸው። ከመግዛቴ በፊት ሰው ላማክር ሲሉዎት እርስዎ «ተማምን ጠይቂው» ብለዋቸዋል። ለአባቴም ደውለው ድምፅዎ ለሁላችንም እስኪሰማ ድረስ «አንተ እኮ ምስክሬ ነህ! ገዝቼ ተደስቻለሁ በላት፣ ሌላ አትጨምር» ብለውታል።

አባቴ መንገደኛ መኪናው ውስጥ መነጽር ቢረሳ ከሥራ ሰዓቱ በኋላ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ የሚመልስ ሰው ነው። ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ስልክ ወዲህ ግን ምግብ ይገፋል፤ ስንጠራው ዘግይቶ ነው የሚሰማን። እናቴ «እንዳትል» ስትለው «ውለታቸውስ?» ይላታል። የተዋለለትን ውለታ በሌላ ሰው ልጆች ሳንባ እንዲከፍል ነው የጠየቁት። ግድግዳው፣ አይጡ፣ ታንኩ ሁሉ ይታጠባል፤ አባቴ ያንን ቃል ከተናገረ በምን እንደሚታጠብ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር በትሕትና እለምንዎታለሁ፤ ለእኛ ምንም አያድርጉልን። አባቴን ብቻ ይተዉልን።

ለወገን ስላለዎት ርኅራኄ፣ ስለ አንደበትዎ ጣዕም፣ የበሰበሰውን ሁሉ በነጭ ቀለም ስለሚያስውቡት እጅዎ እያመሰገንኩ፣ ሰላምታዬን ተከፍቶ መዘጋት እንቢ ካለው መስኮታችን ሥር ሆኜ በአክብሮት እልካለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎ፣
ዘይነባ ተማም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት። ስድብ ነው ያላቸውን ሁለት ቃላት አስወጣኝ፤ ስለዚህ አሁን የሚያነቡት የለዘበውን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣና ለወይዘሮ ታየች ደወለ። «እህቴ፣ እንዳትገዢው» አላቸው፤ ሌላ አልጨመረም። እሳቸውም አመስግነው፣ ለእርስዎ የሚደርስ መልእክት ሰጥተውናል፤ ትሬለሩ እንደሚሉት ደህና ከሆነ እርስዎ ከባለቤትዎ ጋር ገብተው ይኑሩበትና እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ያንን ፏፏቴ ያለበት ሰፈር ያለውን ቤትዎን ይከራዩዎታል። ኪራዩን በየወሩ ሳያዛንፉ እንደሚከፍሉ አባቴ ምስክር ይሆናል።