ሳትሞት ያለቀስኩልህ

ውድ ፍሬአብ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው ጥር አፋር በረሃ ውስጥ ሞተሃል ብዬ በሦስት ኬላ አልቅሼልሃለሁ። ያስቃል፤ ያሳፍራልም። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንተ የምታውቀውን፣ ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው የማታውቀውን ልናገር።

ያን ቀን ከአጋሮ ወደ ጅማ ስንመለስ ሞተሯን የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር፤ አስፋልቱ ያንሸራትታል። አንተ ከኋላዬ ጃኬቴን ጨምድደህ «ሱታ፣ ፋሂም! ቀስ በል!» ትለኛለህ። ስትፈራ መስማት ደስ አለኝና ፍጥነት ጨመርኩ። ድልድዩ ጋ ስንወድቅ የእኔ ክርን ተላጠ፤ ያንተ እግር ሞተሯ ስር ቀረ። ትራፊኩ ሲመጣ፣ ፊትህ አመድ መስሎ፣ «የነዳሁት እኔ ነኝ» አልከው። እኔም ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን ብርቱካን ገዝቼ ሆስፒታል የተኛህበት ክፍል በር ድረስ መጥቼ ነበር። እናትህ እማማ ታቢታ ከውስጥ ሲጸልዩ ድምፃቸውን ሰማሁ። ብርቱካኑን ለዘበኛው ሰጥቼ መናኸሪያ ወረድኩ። አውቶብሱ ሰኮሩ ከተማን እስኪያልፍ ቀና ብዬ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ዞርኩ። አዳማ ጫንኩ፣ አወረድኩ። መተሐራ ሸንኮራ ቆረጥኩ። የትም ከሁለት ወር በላይ አልቆየሁም፤ ሰው ስለ አገሬና ስለ ጓደኞቼ መጠየቅ ሲጀምር ጓዜን አነሳለሁ። በመጨረሻ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ረዳት ሆኜ ወደ በረሃ ወረድኩ። በአንድ ጥርጊያ መንገድ ሲያቋርጥ እንቅልፍ ጣለውና መኪናውን አቁሞ ተኛ። እኔም ያለችንን ውኃ ጠጥቼ ጨረስኩበት። ሲነቃ አልተቆጣም። በሩን ከፍቶ «ውረድ» ብቻ አለኝ።

ወረድኩ። ጥቁር ድንጋይና ሰማይ ነው ያለው። አንድ ጎሚስታ በላስቲክ ዳስ ስር ተቀምጧል፤ ጎማ ከነካ ሳምንት አልፎታል። ሁለት ቀን ከእሱ ጋር መንገድ መንገድ ስናይ ከረምን። በዚያ የሚያልፉ ፍየሎች እንኳ አዝነውልኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ነጭ ፒክአፕ መጥታ ቆመች። ኋላዋ ላይ የሬሳ ሳጥን ታስሯል። ሾፌሩ ሸኩር የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ባለ ጥቁር መነፅር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«ማልቀስ ትችላለህ?» አለኝ።

«ምን ሆኜ?»

«ወንድምህ ሞቶ።»

«ወንድም የለኝም።»

«ዛሬ አለህ» አለና የውኃ ላስቲክ ወረወረልኝ።

ጠጣሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሬሳ ሳይሆን ኮንትሮባንድ እንደሆነ ጠጥቼ ስጨርስ ገባኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ፋሂም ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ «እናንተ በሳጥን አትቀብሩም። እስከ አዳማ ያቤፅ ነህ።» አልሄድም ልል አፌን ስከፍት ሽጉጡን ጭኑ ላይ አስቀመጠና በትህትና፣ «ካላለቀስክ ሳጥኑ እውነተኛ ሬሳ ያገኛል» አለኝ። ወላሂ ፍሬአብ፣ ሳጥኑን በዓይኔ ለካሁት፤ ለቁመቴ ያጥራል።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ፖሊሱ «ሟቹ ማን ይባላል?» አለኝ። ስለ ሟቹ ስም አልተነጋገርንም ነበር። አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ሆነ። ምራቄን ዓይኔ ላይ ቀብቼ «ወይኔ ፍሬአብ!» ብዬ ጮህኩ። አሳለፉን።

ሁለተኛው ኬላ ላይ ያለው ሸምገል ያለ ፖሊስ ነው።

«ምን አገኘው?»

«ሞተር ሳይክል።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ራሱ ነው» ብል አለቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዝምታዬ ያልኩት እሱኑ ነው። ባለ መነፅሩ በክርኑ ጎሰመኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ያላዘዘኝ ለቅሶ መጣ። አላባራ አለኝ። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ውኃ አናቴ ላይ አፈሰሰልኝና፣ «አይዞህ ልጄ። እሱም ይቅር ብሎሃል» አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቅኩ፣ ቃሉን እንደ ተራበ ሰው ዋጥኩት።

መኪናው ሲነሳ ባለ መነፅሩ ተደስቷል። «ይሄ ልጅ ባለሙያ ነው! በወር ሁለቴ እንፈልገዋለን።» ሸኩር በመስታወቱ አየኝ፤ አልሳቀም።

ሦስተኛው ኬላ አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። ለቅሶዬ አልቆመም ነበርና ሰው ከየሻይ ቤቱ ወጥቶ ከበበን። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴትዮ «የሰው ልጅ እንዲህ በፀሐይ አይንገላታም! አውርዱትና ይጸለይለት» አለች።

«ቸኩለናል» አለ ባለ መነፅሩ። ማን ሊሰማው! ስድስት ጎረምሶች ሳጥኑን ያዙ፤ አልነቃነቅ አለ። ሁለት ተጨመሩ።

«ወፍራም ነበር እንዴ?» አለኝ አንዱ እያቃሰተ።

አንተን! ንፋስ ሲነሳ «ፍሬአብን ያዙት» የሚባልልህን!

«በጣም» አልኩ።

ያኔ የሳጥኑ ወለል ተገነጠለ። ጠርሙስ ሲሰበር ተሰማና የሽቶ መዓዛ መንደሩን ሞላው። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ «ጻድቅ ነበር! መዓዛውን እዩት!» ብላ እልል አለች። ሰው ሁሉ ተከተላት። ለአንድ ደቂቃ ያህል የበረሃው ቅዱስ ሆነህ ነበር ፍሬአብ። ከዚያ አንድ ያልተሰበረ ጠርሙስ ተንከባሎ ፖሊሱ ጫማ ስር ቆመ።

ባለ መነፅሩ ሽጉጡን አወጣ። አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረው ሸኩር እጁን ጠምዝዞ ያዘው፤ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። «በቃ!» አለው። «የዚህ ልጅ ለቅሶ የእውነት ነው።» ሦስታችንም ታሰርን።

መርማሪዋ ፊት ያልተናገርኩት ነገር የለም። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና፣ «እና ይህ ፍሬአብ የምትለው ሰው በሕይወት አለ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? ወንድሜ ብለህ አልቅሰህለት?»

ሽጉጥ ሲደቀንብኝ እንዲያ አልደነገጥኩም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ደውዬ አልጠየቅኩም።

ከአርባ ቀን በኋላ ምስክር ሆኜ ተለቀቅኩ። ቀጥታ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እናትህ ቤት ሄድኩ። እማማ ታቢታ በሩን ሲከፍቱ አወቁኝ። በጥፊ መቱኝ፤ ከዚያ በዚያው እጃቸው አንገቴን አቅፈው ቆዩ።

«አለ?» አልኳቸው።

«አለ። አጋሮ ስልክ ይጠግናል። አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ ልጅቱ መሄድ ጀምራለች።»

አልሃምዱሊላህ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። «ያነክሳል?»

«ያነክሳል» አሉኝ። አላባበሉኝም። «ስላንተ ይጠይቃል። እኔ ነኝ ስሙን አታንሳብኝ ያልኩት።»

አሁን አጋሮ ነኝ፤ ከሱቅህ ፊት ለፊት የፈድሊያ ቁርስ ቤት ውስጥ። ጠረጴዛው በመስኮቱ በኩል ነው። አንድ ስልክ ፈታተህ ጎንበስ ብለሃል፤ ቅድም ከአንድ ደንበኛ ጋር ስትስቅ አይቼሃለሁ። ሁለቴ ልሻገር ተነስቼ ሁለቴ ሻይ አዝዣለሁ። ሻይ ጠላሁ።

ይቅር በለኝ ማለት ይከብደኛል፤ የለመንኩህ እንዳይመስልህ። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ጥዬህ የሄድኩትም እኔ ነኝ። ይህን በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ለማንም ብታሳየው አልክድም።

ደብዳቤውን ፈድሊያ ታደርስልሃለች። ልታየኝ ካልፈለግክ ለእሷው መልስላት፤ በዚያው እሄዳለሁ፣ አልቀየምህም። ልታየኝ ከፈለግክ ግን ከወንበርህ አትነሳ። እጅህን ብቻ ከፍ አድርግልኝ። መንገዱን የምሻገረው እኔ ነኝ።

ዓይኑን ከሱቅህ ያልነቀለው፣
ፋሂም