ስድስት አልከፈልም ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኦገስት 4
ዛሬም ዝናብ የለም። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፣ የሁለት ክፍል ፈተና አረምኩ። ርዕሰ መምህሩ ከ19 ጀምሮ እኛ የሒሳብ መምህራንም ፕሮግራም መጻፍ እናስተምራለን ብሏል። በሃምሳ አራት ዓመቴ... አሁን?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
የሚያሠለጥነኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጃትሚኮ! የኮምፒውተሩ መምህር። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንተና ቁጥር አትተዋወቁም» ያልኩት። ረስቶት ይሆን? እኔ አልረሳሁም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7
ሄድኩ። «ቡ ዌኒንግ! ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ዛሬም እንደ ተማሪነቱ «ቡ» ይለኛል፣ እትዬ ማለቱ ነው። የቤት ሥራም ሰጠኝ፤ ተጋማሽ ቁጥሮችን የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር አድርጎ የሚከፍል ፕሮግራም። ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የሌለ ማለት ነው።
«አሥር ሦስትና ሰባት ነው አይደል? እንደዚህ ከአራት እስከ ሺህ ይፈልግልዎ።»

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9
ሠራ! መቶ፣ ሦስትና ዘጠና ሰባት። እስከ ሺህ ድረስ ተግተለተለ። አራትና ስድስት ላይ ግን «የለም» ይላል። ስድስት ሦስትና ሦስት አይደል እንዴ? ሁለት ሰዓት አፈጠጥኩበት።
ባሌ ሱርቶ ይስቃል። «ምን በድለሽው ነው እንዲህ ያኮረፈሽ?»

ሰኞ፣ ኦገስት 11
ጃትሚኮ አንዴ አይቶ አገኘው። «እስከ ቁጥሩ ግማሽ ፈልግ ብለውታል። እሱ ግን ግማሹ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። የመጨረሻዋን ቁጥር አይነካትም፤ ስድስት ላይ ሦስትን።»
ለካ አንድ መጨመር ብቻ ነበር! ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው አመለጠኝ።
«ጃትሚኮ፣ ያኔ ክፍል ውስጥ ያልኩህ...»
«አስታውሳለሁ።»
ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።
«ዓመት ሙሉ ሒሳብ ጠልቼ ነበር፣ ቡ።»
«ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር።»
 ከዚያ የኮምፒውተሩን የቁልፍ ሰሌዳ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እስቲ ያስኪዱት» አለኝ። አራት፣ ሁለትና ሁለት። ስድስት፣ ሦስትና ሦስት።
ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የኔም።
ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ። እንዴት ቀለለኝ...

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19
የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ላራስ የምትባል ልጅ ፕሮግራም አራትን አንድና ሦስት ብሎ ከፈለው። አንድን እንደ ብቸኛ ቁጥር ቆጥራዋለች፤ አይደለም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።
ድሮ ቢሆን እኔም እጨምርባት ነበር።
«ማንም አይሳቅ። ላራስ፣ ነይ እስቲ፣ ስህተቷ የት ጋ እንደገባች አብረን እንፈልጋት።»
ራሷ አገኘችው። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።
«ቡ፣ እስከ ሚሊዮን ብናስኬደውስ?»
ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።