ሲያረጅ የሚያቃስተው ዲስክ

ውድ አባዬ፣

ፎቶ ቤቱን እንደተውከው ነው ያቆየሁት። ኮምፒውተርህ ግን ሰኞ ጠዋት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ድምፁ ከሃርድ ዲስኩ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ፎቶ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ አርፏል። በዕድሜው ደህና ፎቶ የተነሳው አንዴ፣ አንተ ፊት ቆሞ ነው፤ ቅዳሜ እወስደዋለሁ አለች። እኔም እንዳንተው አፌ ቀደመና አለ፣ አይጠፋም አልኳት።

ሰፈሩ ጭምቱ የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ያንተን ለመተካት ለምገዛው አዲስ ኮምፒውተር የሚሆን ሦስት ዓይነት ኤስኤስዲ፣ ድምፅ የሌለውን አዲሱን ዲስክ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። ሁለቱ እንደ ማስቲካ ቀጫጭን ናቸው፣ አንዱ ጠፍጣፋ ሳጥን። አንደኛው ማስቲካ በጣም ይፈጥናል፣ ግን ይግላል። ሌላው ብዙ ይይዛል፣ ቶሎ ቶሎ ከተጻፈበት ግን ቶሎ ያልቃል። ጠፍጣፋው ከሁለቱም ይዘገያል፣ ለፎቶ ግን ይበቃል። አንዱን ሳነሳ፣ ሌላውን ስጥል፣ የጣልኩትን መልሼ ሳነሳ ጭምቱ ሻዩን ጨረሰ። በመጨረሻ የማይሞተው የቱ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሁሉም ይሞታሉ እህቴ። ያ የአባትሽ ዲስክ ቢያንስ ሲያረጅ ያቃስታል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ ነው የሚሄዱት።»

አባዬ፣ አንተም ሸሚዝህን ተኩሰህ፣ ቁርስህን በልተህ፣ በእኔ ቀልደህ ነው የሄድከው። አንዴ እንኳ ደረቴን ወጋኝ ብትለኝ ምን ነበረበት? ተናድጄብሃለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጭምቱ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቱን ልግዛ ብለሽ አትጨነቂ። አንድ ብቻ አትግዢ።»

ጠፍጣፋውን ሁለት ወሰድኩ።

አሮጌው ዲስክ ሁለተኛ ላያነብልሽ ይችላል፣ ከምትፈልጊው ጀምረሽ ገልብጪ ብሎኛል። ግን ያንተን ፎልደር ማን ያገኘዋል? ሰውን በስሙ አስቀምጠህ አታውቅም። «ክራቫት የተዋሰው»፣ «ሙሽራው ያስጠበቃት»፣ «አንገቷን የምታዘመው»። የልብስ ሰፊዋን ባል ምን ብለኸው ይሆን? ደውዬ ፎቶ ሲነሳ ምን እንዳደረገ ጠየቅኳት። አባትሽ ስንቴ ቢለምነው እጁን ከኪሱ አላወጣም አለችኝ።

«እጁን ከኪሱ የማያወጣው» ተገኘ። ከሥሩ ደግሞ «ዓይኗን የምትጨፍነው» የሚል አለ። ይቺ እኔ ነኝ። ፍላሽ በበራ ቁጥር ስለምጨፍን፣ የተበላሹትን ሁሉ አጥፍቻቸዋለሁ ትለኝ ነበር። ዋሽተኸኛል። ሦስት መቶ ናቸው።

ዲስኩ ያቃስታል። የቱን ላስቀድም? ቃል የገባሁት ለልብስ ሰፊዋ ስለሆነ የእሷን አስቀደምኩ። ከዚያ የእኔን ጀመርኩ። አርባ አንደኛው ፎቶ እንደተገለበጠ ዲስኩ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ጭምቱም ሊያስነሳው አልቻለም። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደምለው አላውቅም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ መጣች። ፎቶውን ተቀብላ ኪሱን በጣቷ ነካ አደረገችና «አሁንም አላወጣም» አለች።

በአርባ አንደኛው ላይ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ከኋላዬ ባለው መስታወት ውስጥ አንተ ካሜራህን ይዘህ ትስቃለህ። ከመታወቂያህ ሌላ ያለህ ፎቶ ይሄ ብቻ ነው አባዬ። አገሩን ሁሉ ስታነሳ ኖረህ አንተን ያነሳህ የለም፤ እኔም አላሰብኩት።

በሁለቱም ዲስኮች ላይ አስቀምጬሃለሁ። በየሳምንቱ ከፍቼ አይሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ለፎልደሩ ስም ሳጣለት ቆየሁ፤ ኋላ እንዳንተ አደረግኩና «ሳይናገር የሄደው» አልኩት።

ልጅህ፣
ዓይኗን የምትጨፍነው