ምህረት መዘመር አልፈልግም ያለች ሳምንት

ሰኞ

ጉሮሮዋን ምንም አላመማትም! ሐኪሙ በባትሪ አይቶ፣ አንገቷን ዳብሶ፣ «ልጅሽ ደህና ናት» አለኝ። ከክሊኒኩ እስክንወጣ ቻልኩት። ባጃጅ ውስጥ ግን አልቻልኩም። «ታዲያ ሰሞኑን በሹክሹክታ የምታወሪው ምን ሆነሽ ነው?» ስላት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የገና ዝግጅት አለ። ብቻዋን የምትዘምረው የእኔ ምህረት ናት። አምና አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ከለቀቃት ወዲህ ዲላ ውስጥ ብርቱካን የሚለኝ የለም፤ «የምህረት እናት» ሆኛለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ዝማሬ የሚያስቀርጽ ሰው እሷን ሊሰማ ከሐዋሳ ይመጣል። እና አሁን ነው ጉሮሮዬን የምትለው?

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ራሷ ነገረችኝ። «አላመመኝም እማ። መዘመር ስለማልፈልግ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅሁ።

«ሰው አስቀየመሽ?»

«አይ።»

«ፈራሽ?»

«አልፈራም። ስዘምር ምንም አይሰማኝም።»

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ! ጎበዝ እኮ ነሽ አልኳት። «ጎበዝ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ደስ አይለኝም» አለች፣ ጎመን በቃኝ እንደሚል ሰው። የማጥበውን ሳህን ሳፋው ውስጥ ወረወርኩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘምሬ አንድም ሰው ወደ ፊት ነይ ብሎኝ አያውቅም። እሷ ሳትለፋ ተሰጣት፣ አልፈልግም ትላለች። ጮህኩባት። አለቀሰች። እራት ሳትበላ ተኛች።

ረቡዕ

ቢሮ አንድ ሥራ አልሠራሁም። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «እሑድ ከነቤተሰቤ እመጣለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ምን ልበላት?

ባለቤቴ አበራ ከወርቃ ደወለ። የቡና ወቅት ስለሆነ እስኪያልቅ ከሚሠራበት ማጠቢያ ጣቢያ አይወጣም። ሁሉን ነገርኩት። «ተያት» አለኝ። በቃ፣ ተያት! «የመዘምራኑን መሪ የምታናግረው አንተ ነህ?» ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ወይ እሱ ዘጋው።

ከሐዋሳ የሚመጣው እንግዳ አለ። ልብሷ ተሰፍቶ አልቋል። ሰው ኮራች ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አሁን ብተዋት ስታድግ «ለምን ተውሽኝ?» ብትለኝስ?

ሐሙስ

እጇን ይዤ ልምምድ ወሰድኳት። ዘመረች። ጌታ ያውቃል፣ እንዲያ ዘምራ አታውቅም። አጠገቤ ያሉት ሴቶች አለቀሱ።

እኔ ሁልጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማት። ዛሬ ተናድጄ ስለነበር ፊቷ ላይ አፈጠጥኩባት። ምንም የለም። ውሃ እየቀዳች ጀሪካኑ እስኪሞላ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ሰው ሲያለቅስ እሷ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። እንደጨረሰች «ልሂድ?» አለች።

ውጭ ከጓደኛዋ ከቃልኪዳን ጋር እጅ ለእጅ እያጨበጨቡ መጫወት ጀመሩ። ቃልኪዳን ዜማ የሚባል ነገር አታውቅም፤ መዘምራኑ ከኋላ ነው የሚያቆሟት። ሁለቱም እንደ ፍየል ይጮሃሉ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰለት ድምፅ ይሄ ነው? ምህረት ከመሳቋ የተነሳ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ

የመዘምራኑን መሪ፣ ወንድም ታሪኩን፣ አናገርኩት። ብቻዋን መዘመር አትፈልግም አልኩት።

«እህት ብርቱካን፣ እግዚአብሔር የሰጣትን መቅበር እኮ ነው ይሄ» አለኝ። «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? ጠንከር በይባት፤ ነገ ታመሰግንሻለች።»

«ካላመሰገነችኝስ?»

«እንግዳውን ምን ልበለው?» ብቻ አለ። «ብቻዋን አትዘምርም በለው» አልኩት።

ምናልባት እሱ ልክ ነው። በእሱ ተናድጄ፣ በእሷ ተናድጄ፣ በራሴ ተናድጄ ቤት ገባሁ። «እሑድ ብቻሽን አትዘምሪም፤ ነግሬዋለሁ» አልኳት። አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም። «ከነቃልኪዳን ጋር ልቁም?» አለች።

«አልወድም ስትዪ አልነበር?»

«እዚያ ያስቃል እማ።»

እሑድ

በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ዘመረች። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምጿ ተሰበረ። ሰው አጨበጨበላት፤ እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሐዋሳው እንግዳ ለምሳ አልቆየም። ወንድም ታሪኩ በሩ ላይ ሰላምታውን አሳጠረብኝ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ምነው፣ አመማት እንዴ?» ስትለኝ «አይ፣ ደህና ናት» አልኳት።

መዘምራኑ በአንድ ላይ ሲነሱ ምህረት ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከቃልኪዳን ጎን ነበረች። አዲሱን ልብስ ለብሳለች። ድምጿን ከሌሎቹ ልለይ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ፤ አልቻልኩም። ያ ድምፅ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ሲባክን ቆጨኝ። እሷ ግን አፏን ከፍታ፣ ግጥሙን እየሳተች፣ በቃልኪዳን ክርን እየተጎሸመች ትዘምራለች። እንዲህ ስትዘምር አይቻት አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «እማ፣ ዛሬ ሰማሽኝ?» አለችኝ።

«አልሰማሁሽም» አልኳት፤ ቅር እያለኝ።

እየሳቀች እጄን ለቃ ሮጣ ከፊታችን የምትሄደው ቃልኪዳን ላይ ደረሰች። እስከ ቤት ድረስ እየጮሁ ሄዱ። እሷ ደስ ብሏታል። እኔ ገና ነኝ።