ምንጣፍ ላይ የቀረው ቆዳዬ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሥራው እንዴት ይዞሻል? በደንብ ትበያለሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከእግሬ በቀር ደህና ነን። በስልክ ብነግርሽ በሳቅ ታቋርጭኛለሽ ብዬ ነው ይህን ወደዚያ በምትመለሰው በሃሊማ እጅ የላክሁት።

ያ ሁለት ጥንድ የላክሽልኝ ፈሳሽ የሞላው የላስቲክ ካልሲ የተሰነጠቀ ተረከዝ ያለሰልሳል ብለሽኝ አልነበር? እንዳልሽው አንዱን ጥንድ አንድ ሰዓት አጥልቄ ታጠብኩ። ምንም የለም! በማግስቱም ምንም። «ዱባይ ውሃ በካልሲ ይሸጣሉ» ብዬ ረሳሁት።

በሳምንቱ መስቃን ለቅሶ ሄድን። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ከሟች ባለቤት ጎን ተቀመጥኩ። ልሄድ ስነሳ ጎረቤታችን ከድጄ፣ «እቴ፣ ቆዳሽን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?» ብላ ጮኸች። ዞር ብል የእግሬ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል! አንዷ «ተደግሞባት ነው» አለች፤ ሌላዋ ልጆቿን ሰብስባ ወጣች። ባሏን የቀበረችው ሴትዮ እንኳ እንባዋን ጠርጋ «እኔስ ሐዘን ነው፣ አንቺን ምን ነካሽ?» አለችኝ።

ሞቴን አየሁት። ባጃጅ ውስጥ ለከድጄ ተናዘዝኩ፤ ወርቄን ላንቺ፣ ትልቁን ድስት ለሷ።

ክሊኒክ ያየችኝ ሐኪም ሩቲ ትባላለች፣ እኩያሽ ናት። ነገሩን ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ማዘር፣ ውስጡ ያለው አሲድ የሞተውን ቆዳ ነው የሚያላቅቀው። ቆዳ ድሮም ወር ሁለት ወር እየቆየ ራሱን ያድሳል፤ አሮጌው ሳናየው ይረግፋል። የርስዎ ባንዴ ረገፈ እንጂ» አለችኝ። ደጋግሞ ማድረጉ ግን አዲሱን ቆዳ ያሳሳዋል፣ ያቆስለዋልም ብላ አስጠነቀቀችኝ።

አሁን ተረከዜ የሕፃን መስሏል። ከድጄ አይታ «የቀረውን ጥንድ ስጪኝ» ብላ ለመነችኝ፤ ሳጥኔን ብፈትሽ የለም።

አባትሽ ያው ነው። «ሳታስፈቅደኝ የሄደች ልጅ የላከችው ዕቃ እቤቴ አይግባ» እንዳለ ነው፤ ስምሽንም አይጠራም። ብቻ ከሰሞኑ ለሶላት እግሩን ታጥቦ ዉዱ የሚያደርገው እንደ ድሮው ግቢ መሐል አይደለም፤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጓሮ ይሸሸጋል። በዚህ ፀሐይ ወፍራም ካልሲ ያደርጋል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ብርድ» ይለኛል። ትናንት ደግሞ ፊቱን ወደተሰጣው በርበሬ አዙሮ፣ «እዚያ አገር ሙቀቱ ሰው ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው?» አለኝ።

ደውዪ አላልኩሽም። ብቻ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩ እሱ ኪስ ነው የሚሆነው።

አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ ለድካምሽ በረካ ይስጥሽ፣ በሰላም ለደጃችን ያብቃሽ።

እናትሽ